የወርቂቱን ስም አልሰርዝም

ጉደር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ የእናቴ ወንድም፣ ለኤሱማ ዱጋሳ
ኖርዌይ

እግዚአብሔር በሰው አገር ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ባለቤትዎንና ልጆችዎን ይባርክልኝ። ይህ ሰላምታ ከእማዬ፣ ከታናሽ እህቴ ከዶርቃስና ከእኔ ነው። እኛ ደህና ነን። አካም ጅርቱ (እንዴት ናችሁ) ብዬ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል በቁቤ ልጀምርልዎ ነበር፤ ቁቤ የመጣው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ስለሆነ እንደማያነቡት ነግረውኛል፤ ይኸው እንደ ድሮው በአማርኛ። ስልክ ያልደወልኩት የውባየሁ ሱቅ ስልክ ላይ ሆኜ ሳወራ ስኳር ሊገዛ የመጣው ሁሉ ጆሮውን ስለሚያቆም ነው።

ዲግሪዬን ቅዳሜና እሑድ አምቦ እየተመላለስኩ እየተማርኩ ነው፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። መምህራችን «አንድ የነርሲንግ ቲዎሪ ምረጡና በምትሠሩበት ጤና ጣቢያ አንድ ነገር አሻሽሉበት፤ ወረቀት ላይ የሚቀር ነገር እንዳታመጡብኝ» አለን። ጓደኞቼ የክትባት ካርድ መረጡ፣ የወረፋ ነገር መረጡ። እኔ እግር መረጥኩ።

እርስዎ ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያጥቡ ያዩት ነገር አልተለወጠም ኤሱማ። በጌዶ መንገድ ግራና ቀኝ ቀዩን አፈር በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው እግሩ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል፤ ከዚያ ቤቱ ይቀመጣል። ሰው ዝሆኔ ይለዋል፣ የዘር ነው ብሎ ይደብቀዋል። እኛ ጤና ጣቢያ ሲመጡም «መድኃኒት የለውም» ብለን እንመልሳቸው ነበር። እኔም መልሻለሁ፣ አልዋሽም። መድኃኒቱ ግን ሳሙና፣ ውኃ፣ ጠብታ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ፋሻና ጫማ ነው። በየቀኑ ከሆነ እብጠቱ ይጎድላል።

የመረጥኩት ቲዎሪ ራስን ስለመንከባከብ ነው። ሰው ጤናውን በራሱ እጅ መጠበቅ ይችላል፤ ነርስ የምታስፈልገው ያ ሲያቅተው ነው ይላል። ያን ጊዜ ነርሷ ወይ ሁሉንም ታደርግለታለች፣ ወይ ግማሹን ታግዘዋለች፣ ወይ ደግሞ እያስተማረች እሱ ራሱ እንዲያደርገው ከጎኑ ትቆማለች። ሳነበው ለእነዚህ ሰዎች የተጻፈ መሰለኝ።

ሐሙስ ሐሙስ አንድ ክፍል ተሰጥቶኛል። አሥራ ስድስት ሰው መዝግቤያለሁ። የመዝገቡ አንደኛ ቁጥር ወርቂቱ ናት፤ አዎ፣ እማዬ። ከጉደር ሚኒባስ ተሳፍረን አብረን እንሄዳለን። መጀመሪያ ቀን መናኸሪያው ሁሉ ቆሞ አየን፤ ይይ!

ገንዘብ አልለምንዎትም። ትልልቅ የጥጥ ካልሲ ካገኙ ይላኩልኝ፤ የድሮ ልምድዎን ደግሞ ይጻፉልኝ። የምሥራች አለ፤ ፊራኦል የሚባል የአምቦ መምህር ዶርቃስን ሊያገባ ፈልጓል። ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ።

የእህትዎ ልጅ
አቢጊያ


ስታቫንገር፣ ኅዳር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለኢንታላ ኮ፣ ለልጄ ለአቢጊያ

ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ። እኛ ደህና ነን፣ ብርዱ ግን አይጣል ነው። እኔ እዚህ መጦሪያ ቤት የማላውቀውን ሽማግሌ ሁሉ ገላ ሳጥብ እየዋልኩ፣ የእህቴ ልጅ ዲግሪ ልትይዝ ነው ሲባል እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቂኝ። አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ አወራሁ። ካልሲ ሠላሳ ጥንድ ልኬያለሁ፣ ወፍራም ነው፤ በየካቲትም ሌላ እልካለሁ።

አሁን ግን የምልሽን ስሚኝ። ወርቂቱን ከመዝገቡ አውጫት።

አትቆጪ፣ ጨርሼ ልናገር። አንቺ ልጅ ስለነበርሽ አታስታውሺም። እኔ ሳገባ የሙሽሪት ቤተሰቦች ወደ ቤታችን ሲመጡ፣ ገና ማንም ሳይደርስ ወርቂቱን ግድግዳ ጥግ አስቀምጠን ከወገቧ በታች በጋቢ ሸፈንናት። እንግዶቹ በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው እስኪወጡ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ማንም አላየም፣ ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አገባሁ። የቤታችን ዘዴ ይኸው ነው። የጎረቤቶቻችንም ዘዴ ይኸው ነበር፤ እነሱም አሏቸው፣ እኛም እናውቃለን፣ ማንም ግን አያወራም።

አሁን አንቺ መናኸሪያ ላይ ይዘሻት ቆምሽ! የፊራኦል ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ትውልድ ነው የሚጠይቁት። የሚመጡት ስለ ዶርቃስ ትምህርት ሊጠይቁ መሰለሽ? «በዚህ ቤት የሥጋ ነገር፣ የዘር በሽታ አለ ወይ» ብለው ነው የሚጠይቁት። ያኔ ምን ልትሏቸው ነው? ቲዎሪውን ልታነቢላቸው ነው?

ወርቂቱን አዲስ አበባ የግል ክሊኒክ አሳክሚያት፣ ወጪው የእኔ ነው። አሥራ አምስቱን ደግሞ እጠቢ፣ ማን ከለከለሽ። ስሟን ሰርዘሽ ከጻፍሽልኝ የሁሉንም ሳሙናና ቫዝሊን ዓመቱን ሙሉ እኔ እችላለሁ።

እህቴን ሳሚልኝ። ይህን ደብዳቤ ግን አታንብቢላት።

ዱጋሳ


ጉደር፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለኤሱማ ዱጋሳ

የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ካልሲው ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላውን ግን ሁለቴ አንብቤ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ለመጻፍ አሥር ቀን የቆየሁት ለዚያ ነው።

የወርቂቱን ስም አልሰርዝም። የሳሙናዎንም ቃል ከነቅድመ ሁኔታው መልሼልዎታለሁ፤ እኛ ጋ ሳሙና በየሱቁ አለ።

የሠርግዎን ቀን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጣ ሽንቷን እንዴት እንደያዘችው ጠይቀዋት ያውቃሉ? እኔ ጠየቅኋት። አልያዘችውም። በማግሥቱ ጋቢውን ራሷ ወንዝ ወርዳ አጠበችው። ማንም አላየም ብለው ጽፈዋል፤ ልክ ነዎት፣ ማንም አላየም።

ከተቆጣሁ ይቅርታ። ግን ቁጣዬን አልተውም።

ስለ ሥራው ልንገርዎት፤ እዚያ ላይ ከእርስዎ ምክር እፈልጋለሁና። ሐሙስ ሐሙስ ተንበርክኬ በእጄ አጥባቸዋለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እግር ማጠብ ማለት ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ያጠበው ነው። በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር እያጠብኩ እጸልይላቸዋለሁ። ኦቦ ጉዴ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ገና ጣቴ ሲነካቸው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እግራቸውን ነክቶት አያውቅም። በሳምንቱ ሁለት ጎረቤት ይዘው መጡ። አሁን ሠላሳ አንድ ደርሰናል። ወገቤ ሊቆረጥ ነው!

ግን ኤሱማ፣ ሜትሩ አይንቀሳቀስም። በየሁለት ሳምንቱ ቁርጭምጭሚታቸውን እለካለሁ። መለካት ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሆነ፤ የኦቦ ጉዴ ያው፣ የሌሎቹም ያው። የጎደለው የእማዬ ብቻ ነው፣ ሁለት ሳንቲሜትር። መምህሬ ወረቀቴን አይቶ «ቲዎሪሽ የት አለ? እኔ የማየው የአንቺን ጉልበት ነው» አለኝ። አልገባኝም። እርስዎ ድሬሰር ነበሩ፤ ምን እንዳጠፋሁ ይንገሩኝ።

ይህ አልበቃ ብሎ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ይገዙ ጠራኝ። «ሽታው እስከ ካርድ ክፍል ይመጣል፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እየሸሹ ነው፤ ከሽንት ቤቱ ጀርባ አድርጊው» አለኝ። «ሽታው የሚጠፋው ሲታጠቡ ነው፤ ለዚያ ነው የመጡት» አልኩት። አፍጥጦ አየኝ፣ እኔም አፈጠጥኩ።

አቢጊያ


ጉደር፣ የካቲት 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለኤሱማ ዱጋሳ

ጤና ይስጥልኝ። መልስ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ፖስታ ቤት በየሳምንቱ ሄጄ ሳጥኑን ከፍቻለሁ። ታመው ከሆነ ይንገሩኝ። ተቆጥተው ከሆነ ደግሞ ቁጣዎን ይጻፉልኝ፤ ዝምታ ግን አልችልበትም፣ እኛ ቤት ዝምታ በዝቷል።

አቶ ይገዙ ክፍሉን ወሰደብኝ። የካርቶን መጋዘን ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ደርሼ ቁልፉ ተቀይሮ ሳይ ሳፋዎቹን ሰብስቤ ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ላልወስድ ማልኩ። በዋናው በር፣ ባንዲራው ሥር፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ ፊት ለፊት ደረደርኳቸው። ሠላሳ አንድ ሰው በፀሐይ ተቀመጠ። አንዳንዱ እግሩን ለማውጣት አፈረ። እማዬ ግን ሄዳ መሀል ላይ ተቀመጠችና ካልሲዋን አወለቀች። ሌላው ተከተለ።

በማግሥቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ፤ ከሥሩ «አልስማማም» ብዬ ጻፍኩበት።

ሜትሩ አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ውጤት ካላመጣሁ በግንቦት አምቦ ላይ ምን ይዤ እቀርባለሁ? አቶ ይገዙም ልክ ነበርኩ ይላል፣ እነዚህም ሰዎች ወደየቤታቸው ተመልሰው ይቀመጣሉ። እባክዎ ይጻፉልኝ።

አቢጊያ


ስታቫንገር፣ መጋቢት 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቢጊያ

ሰላምሽ ይብዛ። አልታመምኩም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

የጋቢውን ነገር አላውቅም ነበር ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያንን ነው የቀደድኩት። ጠርጥሬ ነበር። በማግሥቱ ወንዝ ስትወርድ አይቻታለሁ። ሙሽራ ነበርኩ፣ አልጠየቅኋትም። እንግዲህ ይኸው፤ የፈለግሽውን በይኝ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አንቺ የምታጥቢያቸው ሐሙስ ነው። አርብ ማን ያጥባቸዋል? ቅዳሜስ? ወርቂቱ የጎደለላት አንቺ እቤት አብረሻት ስላለሽ፣ በየቀኑ ስለምትታጠብ ነው። ሌሎቹ አልታጠቡም፤ ይህን ሳልመጣ አውቀዋለሁ። ያንን ቲዎሪ እስቲ እንደገና አንብቢው። ሦስት ደረጃ አለው አላልሽኝም? አንቺ አልጋ ላይ ወድቆ ላለ በሽተኛ የሚደረገውን፣ ማሳውን እያረሰ ለሚኖር ሰው ታደርጊያለሽ። ኦቦ ጉዴ እጅ የላቸውም እንዴ? መምህርሽ የነገረሽ ይህንኑ ነው። ደግ ልብሽ ሥራውን አበላሸው። እዚህ መጦሪያ ቤትም አዲስ ሠራተኛ ሲገባ እንዲህ ያደርጋል፤ ማንኪያ ማንሳት የሚችለውን ሁሉ እያጎረሰ በሁለት ወር አልጋ ላይ ያስቀረዋል።

ከየት አውቄ እንደምናገር ደግሞ ልንገርሽ። የእኔም ግራ እግር አብጧል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጀመረኝ፤ ከዚያ በፊት እንደ ሁላችንም በባዶ እግሬ ነበርኩ። ድሬሰር ስሆን ሳሙናና ፋሻ እጄ ገባ፣ ጫማ አደረግኩ፤ ባለበት ቆመ። ሃያ ዓመት አለፈኝ፣ በየማለዳው በሩን ዘግቼ ራሴ አጥበዋለሁ። ከሚስቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ፎቶ ስልክላችሁ ሁሌም ከወገብ በላይ የሆነው ለዚያ ነው። ማንም አጥቦልኝ አያውቅም፤ ቢያጥቡልኝ ኖሮ ዛሬ ከኦቦ ጉዴ እኩል በሆንኩ ነበር።

ስለ ስሟ የጠየቅኩሽን ትቻለሁ። መዝገቡ ላይ ትቆይ። የምለምንሽ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የሚመጡባት ቀን። ያን ቀን ብቻ ትሸፈን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስደበቅ ኖሬያለሁ፣ አንድ ቀን ምን አላት? ለዶርቃስ ብለሽ።

ስለ እግሬ ለማንም አትንገሪ።

ዱጋሳ


ጉደር፣ ግንቦት 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለኤሱማዬ ለዱጋሳ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ፣ ዘግይቶም ቢሆን። ይቀመጡና ያንብቡልኝ፤ ደብዳቤው ረጅም ነው፣ የሚያናድድዎትም ነገር አለበት።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሐሙስ ኦቦ ጉዴን «አርብ አርብ እቤትዎ ይታጠባሉ?» አልኳቸው። እንዴት እንደደነገጡ! «ሲስተር፣ አንቺ የጸለይሽበትን እግር በሳሙና ላጥበው? በረከቱን ላስኬደው?» አሉኝ። ዞሬ ሌሎቹን ጠየቅኩ። ሁሉም አንድ ነው፤ አንዷ እንዲያውም እንዳይረጥብ ጭቃ ሲሆን ቤት ትውላለች። እኔ እግር የማጥብ መስሎኝ ቅዱስ ቁርባን እያደረግኩት ነበር ለካ! መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቆይቼ አለቀስኩ። አምስት ወር አለፈ እኮ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ለእያንዳንዳቸው ሳፋ ከፊታቸው አስቀመጥኩና እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። «ዛሬ እኔ አላጥብም፤ እናንተ ታጠቡ፣ እኔ አያለሁ» አልኩ። ጉድ ፈላ! ኦቦ ጉዴ «እጅሽ ተጸየፈን?» ብለው ጮኹ። ሰባት ሰው ተነስቶ ሄደ። እኔ ደግሞ እልኸኛ መሆኔን ያውቃሉ፤ እጄን አልፈታሁም። «የቀሩት ስድስት ቀኖች የማን ናቸው?» አልኳቸው። «እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ እናንተ እጅ አላችሁ። ጸሎቴን አልነፍጋችሁም፤ ሳሙና ደግሞ ጸሎትን አጥቦ አይወስድም።» እማዬ ናት ያስጀመረቻቸው። ከተረከዝ ወደ ላይ፣ ከዚያ ጣት በጣት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፤ ስታስተምር እኔን አትመስልም፣ ትሳደባለች! «በጣቶችህ መሀል አንተ ሰውዬ፣ ማሳህን እንዲህ ነው የምታርም?» ትላለች። ከሄዱት ሰባት አምስቱ ተመለሱ። ኦቦ ጉዴ በአራት ሳምንት አንድ ተኩል ሳንቲሜትር ጎደሉ። ሜትሩን ነጥቀውኝ ራሳቸው ደግመው ለኩት።

አሁን ወደሚያናድደው። ደብዳቤዎን ለእማዬ አነበብኩላት፤ የእግርዎንም ጭምር። አትንገሪ ብለውኛል፣ አዎ። ነገርኩ። በእኛ ቤት አትንገሪ የተባለ ነገር ማንን እንደጠቀመ እስካሁን አላየሁም። «እኔን በጋቢ ሲሸፍን የራሱን በካልሲ ሸፍኖ ነበር በይኛ!» አለች። ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ እውነተኛው ለቅሶ መጣ። «የኔ ወንድም፣ ብቻውን» ስትል ዋለች።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ሚያዝያ 14 ነው። አራት ናቸው፣ በእድሜ ትልቁ ኦቦ ጉደታ ይባላሉ። እንደ ደንቡ ማልደው መጥተው ከግቢያችን ዋርካ ሥር ቆሙ። ዶርቃስ ወንበር አወጣችላቸው። እርስዎ እንዳሉት ጋቢ አዘጋጅቼ ነበር፤ አልዋሽም፣ የዶርቃስን ፊት አይቼ ፈርቼ ነበር። እማዬ ጋቢውን አየችው። አጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ሳፋዋን ይዛ ወጣች።

ኤሱማ፣ አራት ሽማግሌ ፊት ተቀመጠች። «የመታጠቢያ ሰዓቴ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። የቤቱ እናት ሰላምታ ሳትሰጥ ሽማግሌ ነገር አይጀምርም፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፋቸውን ዘግተው ሲያዩ ቆዩ። ቀኝ እግሯን አጠበች፣ ግራውን አጠበች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀች። ቫዝሊን ቀባች፣ ፋሻውን ጠቀለለች፣ ካልሲ አደረገች፣ ጫማዋን አሰረች። አንዱ ሽማግሌ ዞሮ አጥሩን ሲያይ ነበር። ከጨረሰች በኋላ ቀና ብላ «እንኳን ደህና መጣችሁ። በሉ የመጣችሁበትን ጠይቁኝ» አለቻቸው።

ኦቦ ጉደታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ይህ የሥጋ ነገር...» ሲሉ «ከአፈር ነው» አለቻቸው። «ያንን አፈር ሃያ ዓመት በባዶ እግሬ ዘርቼበታለሁ። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ጫማ አድርጋለች፣ እግሯን እዩ። የዘር ነው የምትሉ ከሆነ ደግሞ ዘሬ ይኸው፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዷ ሒሳብ ሠራተኛ። ወንድሜም እግሩ አብጦ ኖርዌይ ድረስ ሄዷል። የምደብቅላችሁ የለኝም።»

እርስዎንም አወጣችዎት ማለት ነው። እኔ ምን ላድርግ!

ተመካከሩ። «እንመለሳለን» ብለው ምግቡን ሳይነኩ ሄዱ። እስካሁን አልተመለሱም። ፊራኦልም አልደወለም። ዶርቃስ ሦስት ቀን አለቀሰች፤ እማዬንም አላናገረቻትም። ይህን የምጽፍልዎት ሁሉም ነገር ያማረ እንዳይመስልዎት ነው። አራተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ጠዋት ጫማዋን አድርጋ ሚኒባሱ ላይ አገኘናት። «ፋሻ መጠቅለል አሳዩኝ፤ ፊራኦል ቢመለስም ባይመለስም የማደርገውን ልወቅ» አለች። በሳምንቱ ደግሞ ከአራቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ያ አጥር ሲያይ የነበረው፣ ሚስቱን በበቅሎ ጭኖ መጣ። እንዳላወቀኝ ሆኖ ሰላም አለኝ። እኔም እንዳላወቅኩት ሆኜ ሚስቱን መዘገብኩ። አርባ ሦስተኛ ናት።

አምቦ ላይ ትናንት አቀረብኩ። ስህተቴን አልደበቅኩም፤ አምስት ወር ለምን እንዳልጎደለ በዝርዝር ጻፍኩ። አንዱ ፈታኝ «የበሽተኞቹን ስም ለምን አልቀየርሽም?» አለኝ። «ፈቃድ ጠይቄያቸው ነው፤ የመጀመሪያዋ ከኋላዎ ተቀምጣለች» አልኩት። እማዬ ተነስታ እጅ ነሳች። አቶ ይገዙም መጥቶ ነበር፤ ጭብጨባው ሲሰማ «ፕሮጀክታችን» ማለት ጀምሯል። ክፍሉን ግን መልሷል፣ ካርቶኖቹን ራሱ ሲያወጣ አይቼዋለሁ።

እማዬ የምትለውን እንደነገረችኝ ልጻፍ፤ «ዱጋሳ፣ አልተቀየምኩህም። ተቀይሜህ ነበር፣ አሁን የለም። በሩን ክፈተውና ታጠብ።»

አቢጊያ


ስታቫንገር፣ ሰኔ 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወርቂቱ፣ ለአቢጊያና ለዶርቃስ

ዋቅኒ ኢሲን ሃ ኤቢሱ፤ ቤታችሁ ሰላም ይሁን።

አቢጊያ፣ እንዴት ተናደድኩ መሰለሽ! ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወጥቼ በዝናብ ሄድኩ። አራት ሽማግሌ ፊት ስሜ ተጠራ፤ ያም ማለት አሁን ከጉደር እስከ አዲስ ዓለም ያልሰማ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ የምሰድብሽን ስድብ ስመርጥ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ግን የምደብቀው ነገር አለመኖሩ ገባኝ፤ የሚያውቁት አውቀዋል። ምን ልበልሽ፣ ቀለለኝ።

ዶርቃስ፣ ያ ልጅ ካልተመለሰ የሚጎድልበት እሱ ነው። እኔ ተደብቄ ያገባሁ ሰው ነኝ፤ ሚስቴ እግሬን ያየችው ከሠርጋችን ሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ እስከ ዛሬም አልረሳችልኝም። አንቺ እንዲህ አትጀምሪ።

ወርቂቱ፣ እህቴ፣ ስለ ጋቢው ይቅር በይኝ። ይቅር ብለሽኛል አሉ፣ ግን እኔ ሳልጠይቅሽ ነው። አሁን እየጠየቅኩሽ ነው።

ትንሿ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤታቸው በየዓመቱ በዚህ ወር ወላጅና ልጅ አብረው የሚዋኙበት ቀን አለው። በየዓመቱ ሥራ አለኝ እላታለሁ። ዘንድሮ ሄድኩ። ካልሲዬን አወለቅኩ፤ አንዳንድ ወላጆች አዩ፣ አንዳንዶቹ አላዩም። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ደህና አድርጋ ተመለከተችው።

«ያምሃል?» አለችኝ።

«አያመኝም» አልኳት።

«ታዲያ ለምንድነው የማትገባው?»

ገባሁ።

ዱጋሳ